አርባ ሰባት ነበርን

መምህር ኢሳይያስ አንድ ጠዋት አራተኛ ክፍልን በሙሉ ወደ ሜዳ አስወጣና «በሁለት መስመር ተሰለፉ!» አለን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለችው ትንሿ ከተማችን ዝናብ የሚያባራላት ተመልሶ ለመምጣት ብቻ ስለነበር፣ የተሰለፍነው ጭቃው ጫማችንን እያወለቀው ነው። እዚህ ሃያ ሦስት፣ እዚያ ሃያ ሦስት ሆንን። አስካለች ተረፈች።

«አርባ ሰባት ለሁለት እምቢ አለ» አለ መምህር፣ ጠመኔ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ለሦስትስ?»

በሦስት መስመር ቆምን፤ ሁለት ልጆች ተረፉ፣ አንዷ አስካለች ነበረች። በአምስት ቆምን፤ አሁንም ሁለት ተረፉ፣ አሁንም አንዷ አስካለች። ወደ አራትና ወደ ስድስት ልንሄድ ስንል ከለከለን። ለሁለት እምቢ ያለ ቁጥር ለአራትም ለስድስትም እሺ ስለማይል በከንቱ አትድከሙ አለን።

«ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ ነው፤ አልፎናል። ሰባት ወይም ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ አብሮት የሚባዛው ከሰባት ያነሰ ይሆን ነበር። ያነሱትን ደግሞ ሞክረን ጨርሰናል። ስለዚህ አርባ ሰባትን ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። እናንተ እንግዲህ ብቸኛ ቁጥር ናችሁ።»

እኛም እልል አልን። ምኑ እንዳስደሰተን አላውቅም፤ ከክፍል መውጣታችን ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ አማን ውስጥ አንድ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ፤ ሲመሽ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ እቀመጣለሁ። ሐሳቤ ወደዚያ ጭቃ የሚሄደው እንዲህ ድክም ሲለኝ ነው። ያኔ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር፣ እኔም ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ አጠገቤ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ፣ ግን አንዱንም በትክክል አልተረዳሁትም።

አስካለች የመጣችው ከጫካው ዳር፣ ከሰል ከሚያከስሉት ሰዎች መንደር ነው። የወገኗን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ በዚያን ጊዜ ስሙን ሰው የሚጠራው ለስድብ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ከአንዳንድ ሰው አፍ የሚወጣው ለዚያው ነው። እናቷ ከሰል ተሸክማ ደጃችን ትመጣለች። እናቴ ማናልሞሽ ደግሞ ከጓሮ የኮባ ቅጠል ትቆርጥና እንደ ዋንጫ አጥፋ ውሃ ትቀዳላታለች፤ ሴትዮዋ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትጠጣለች። እኔ የምጠጣው በቆርቆሮ ጣሳ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አዲስ ቅጠል ሲቆረጥለት፣ እኔ የቤት ልጅ ሆኜ የዛገ ጣሳ መያዜ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን እኔም በቅጠል ካልተሰጠኝ ብዬ ሳለቅስ እናቴ አፌን በእጇ ከደነችው። ቅጠሉ ተጠጥቶበት የሚጣል ስለሆነ፣ ሴትዮዋ የነካችው ዕቃ ቤት እንዳይገባ እንደሆነ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ክፍል ውስጥም ያው ነበር። በአንድ ዴስክ አራት ሆነን እየተገፋፋን ስንቀመጥ አስካለች ብቻዋን ሰፊ ዴስክ ይዛለች። መምህር «ከእሷ ጋር ማን ይቀመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ዘልዬ እጄን አወጣሁ። ደግነት አልነበረም፤ ቦታው አጓጉቶኝ ነው። እንዲያ ያለ ቦታ ባዶውን ሲቀመጥ ሌሎቹ ለምን እንዳልተሻሙበት ገርሞኝ ነበር። እንደ ሞኝ ነው የቆጠርኳቸው። አስካለችም መጀመሪያ ወደ ዴስኩ ጫፍ ሸሽታ ተቀመጠች። ከሳምንት በኋላ ግን ክርኗን ክርኔ ላይ አሳርፋ ትጽፍ ጀመር። ስትስቅ ድምፅ አታወጣም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ግን በእሷ ሳቅ እየሳቅሁ ስንት ጊዜ ተቀጥቼ ተንበርክኬአለሁ።

ወደ ሜዳው ልመለስ። እልልታችን ሳያባራ መምህር አስካለችን ትክ ብሎ አያት። በየሰልፉ መጨረሻ ላይ የምትቆመው እሷ ነበረች፤ እኔ ጨዋነቷ ነው ብዬ ነበር። እጇን ይዞ ከፊት አቆማትና «እንደገና በሁለት!» አለ። ተራው ሁሉ ተበጠበጠ፣ ሁለት ልጆች ከእሷ ጎን ላለመቆም ተጋፉ፣ በግፊያው መሐል እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሲቆጠር የተረፍኩት እኔ ሆንኩ።

«አያችሁ?» አለ መምህር። «የሚተርፈው አስካለች ስለሆነች አይደለም። አርባ ሰባት ለሁለት ሲካፈል አንድ መትረፉ የቁጥሩ ጠባይ ነው። ዛሬ ወለላ፣ ነገ ሌላ ይሆናል።»

ቤት ሄጄ ምሳ ላይ ይህንኑ አወራሁ። ቀሪ መሆን እንደ አለቅነት የሚሾሙበት ነገር መስሎኝ «ዛሬ አስካለች ከፊት ቆመች፣ የተረፍኩት እኔ ነኝ!» አልኩ። አባቴ ተካ ሊጎርስ ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። አባቴ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ ከሰሜን በልጅነቱ መጥቶ እዚያው አርጅቷል። «ከፊት?» አለ። «አዎ፣ እኔ ከኋላ።» እጁን ታጥቦ ተነሳ። ሒሳብ አልቻለችም ብሎ ያዘነብኝ መሰለኝና ከሰዓት በኋላ የማባዣ ሠንጠረዡን ጮክ ብዬ ስወጣው ዋልኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። እናቴ ይዛኝ ሄዳ ስለነበር እግሯ ሥር ተቀምጬ ነበር። ንግግሩን የጀመረው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙሴ ነው።

«እንግዲህ መምህር፣ ልጆቹ ተጨናነቁብን» አለ። «አርባ ሰባት ልጅ በአንድ ቤት! አንዱ ባስነጠሰ ሁሉም ይታመማል። ያቺ ዕቃ ቤት ደግሞ ባዶዋን ነው ያለችው። ለሁለት ይከፈሉልን ነው የምንለው።»

«ለሁለት እኩል?» አለ መምህር።

«እኩል ነዋ!»

«አርባ ሰባት ለሁለት እኩል አይከፈልም፣ ጋሽ ሙሴ። ለሦስትም፣ ለአምስትም ሞክረነዋል።»

«እሱማ የተረፈው ወደ አንዱ ይጨመራል። ለዚህ ደግሞ ሒሳብ ምን ያደርጋል?»

«እሺ» አለ መምህር። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ችግሩ መጨናነቁ ከሆነ አሁኑኑ ልክፈላቸው። ስማቸውን በፊደል ተራ እየጠራሁ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ።»

«ኧረ በፊደል ተራማ አይሆንም!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ታዲያ በምን ይሁን? ዕቃ ቤት የሚገባው የማን ልጅ ነው? አንድ ሰው ይነሳና የልጁን ስም ይንገረኝ።»

ማንም አልተነሳም። ጋሽ ሙሴ ባርኔጣውን አዟዟረ። አባቴ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ሁሉም አቀርቅረዋል። እኔ በልቤ አርባ ሰባትን ለሁለት እያካፈሉ ነው ብዬ ነበር፤ አልሆንላቸው ብሎ የተቸገሩ መስሎኝ አዘንኩላቸው። በመጨረሻ አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። ቁጥሩ አሸነፋቸው ብዬ ወደ ቤት እየዘለልኩ ሄድኩ።

ከዓመታት በኋላ እናቴ «ስሙን አፍረው እንጂ ማንን ማለታቸው እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም» አለችኝ። «እኔም አውቅ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ዝም አልኩ።» ከከሰል አክሳዮቹ መንደር ወደ ስብሰባው የተጠራ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም የነገረችኝ እሷ ናት።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አርባ ሰባትን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። አልአዛር የሚባል ልጅ ወባ ይዞት ተኝቶ፣ እናቱ ገበያ በሄደችበት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ብርድ ልብሱን አልብሼ ክፍል አመጣሁት። መምህር ግንባሩን ዳሰሰና «ማነው ይሄን ልጅ ያመጣው?» አለ።

«እኔ ነኝ መምህር። እንዳንጎድል ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከእኛ የማይበልጥ ልጅ እስኪመስለኝ ድረስ ነበር የደከመው። «የታመመ ቤቱ ቢተኛም ከአርባ ሰባቱ አይወጣም» አለኝ ቀስ ብሎ። «የሚጎድለው የለቀቀ ብቻ ነው። በይ ወደ ቤቱ መልሺው።»

በዚያው ሰሞን የአርባ ሰባትን ጎረቤቶች አስተማረን። አርባ ስድስት ለሁለት ይካፈላል፤ ሃያ ሦስትና ሃያ ሦስት ይሆናል። አርባ ስምንት ደግሞ ለጠየቀው ሁሉ እሺ ባይ ነው፤ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት፣ ለስምንት ይካፈላል፣ ከዚያም ይቀጥላል። ከሁለቱ ጎረቤቶቹ መሐል የማይበገረው የእኛው ብቻ ነው። ይህን ለአስካለች ሳስረዳት ጣቷን እየቆጠረች አሰበችበት።

«አንድ ሰው ቢመጣ እንከፈላለን፣ አንድ ሰው ቢሄድም እንከፈላለን?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ማንም አይምጣ፣ ማንም አይሂድ» አለች። ተማማልን።

የሄድኩት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ራት ላይ አባቴ «ሰኞ ሚዛን ትሄጃለሽ» አለኝ። «አክስትሽ ራሔል ታማለች፤ ውሃ የሚያቀብላት የለም። ትምህርቱንም እዚያው ትቀጥያለሽ።»

«አባዬ፣ እኔ ከሄድኩ እኮ አርባ ስድስት ይሆናሉ!»

«ይሁኑ።»

«አርባ ስድስት ለሁለት ይከፈላል! አስካለች ዕቃ ቤት ትገባለች!»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። እሱ አንዴ ሊቆጣኝ ፈልጎ ተወው፣ ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። «የሰው አፍ አድክሞኛል ልጄ» አለ። «አንቺ ዝም ብለሽ ሂጂልኝ።» የሰው አፍ ከአክስቴ ሕመም ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን ለመቀየም እንዲህ ባልተቸገርኩ።

ሰኞ ማለዳ ቡና በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ በእሱና በሾፌሩ መሐል ተቀምጬ ሄድኩ። ጫካው በሁለቱም ወገን ያልፋል። እኔ እንባዬን እየዋጥኩ ሃያ ሦስት ልጅ እዚህ፣ ሃያ ሦስት ልጅ እዚያ አስቀምጣለሁ። ሚዛን ስንደርስ አክስቴ ራሔል እጅጌዋን ሰብስባ በርበሬ ትወቅጣለች። ዘነዘናው ሲወርድ መሬቱ ይሰማዋል። እግዚአብሔር በመንገድ ላይ ሳለን ፈወሳት ብዬ አመሰገንኩ።

«አክስትሽ መች ታማ ታውቃለች» አለችኝ እናቴ፣ አባቴን ከቀበርን በኋላ። «እነ ጋሽ ሙሴ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ ሊያወጡ ተስማምተው፣ ማን ይጀምር እየተባባሉ ይጠባበቁ ነበር። ልጅህ ናት ከእሷ ጋር የምትቀመጠው፣ አንተ ጀምር አሉት። ጀመረላቸው።» ይህን ስትነግረኝ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም፣ እኔም ቀና እንድትል አልፈለግሁም።

እንዲህም ሆኖ ሃያ ሦስትና ሃያ ሦስቱ ከራሴ አልወጡም። የልጅነት ሒሳብ በቀላሉ አይለቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አስካለችን አንዳንዴ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አስቀምጫት ኖሬያለሁ። እዚያም ሆነ እዚያ ሃያ ሁለት ልጆች አብረዋት አሉ ብዬ እጽናና ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ ሽበታም ሰው የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጣ። ማዘዣውን ሲሰጠኝ ጣቶቹን አየሁ፤ ጥፍሮቹ ሥር ጠመኔ አለ። ስሙን አነበብኩና ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቼ ጉልበቱን ልስም ጎነበስኩ። ደንግጦ ያዘኝ።

«መምህር፣ ወለላ ነኝ። የመጋዘን ጠባቂው የተካ ልጅ። አርባ ሰባት ነበርን።»

«ነበራችሁ» አለ።

ወንበር አቀረብኩለት። ልጆቹን፣ ጤናውን ጠየቅሁት፤ በመጨረሻ ስፈራው የኖርኩትን አነሳሁ። «እኔ ስሄድ አርባ ስድስት ሆኑ። ለሁለት ተከፈሉ አይደል?»

«ማን ነገረሽ? ማንም አልተከፈለም» አለ። «አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ የጋሽ ሙሴ ልጆች ለቀቁ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ወላጆች ቤት ተከራይተው ሌላ መምህር ቀጠሩ። ይከፈል ብሎ ዳግመኛ የጠየቀኝ የለም። እኔ እኮ ማካፈሉን ነበር የተከላከልኩት፤ መቀነስን አላሰብኩትም።»

«እነ አስካለችስ?»

«ከከሰል አክሳዮቹ መንደር መጥተው በየክፍሉ የነበሩት አምስት ልጆች ብቻ ተረፉ። አምስትም እኮ ብቸኛ ቁጥር ነው አልኳቸው፤ ሳቁልኝ። ኋላ ግን ባዶ ክፍል ልጅን ይከብደዋል። ሜዳ ላይ የሚያጫውታቸው የለም፣ ወላጆቻቸውም ለሥራ ይፈልጓቸዋል። አንድ በአንድ ቀሩ። በመጨረሻ የምትመጣው አስካለች ብቻ ሆነች። እሷ ዴስኳ ላይ፣ እኔ ሰሌዳው ጋ፤ ሙሉውን ትምህርት ነበር የማስተምራት። አንድ ቀን እጇን አወጣች። ብቻዋን ሆናም እጇን ሳታወጣ አትናገርም ነበር። ‹መምህር፣ አንድስ ብቸኛ ቁጥር ነው?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ልዋሻት አልቻልኩም። አይደለም አልኳት። ብቸኛ ቁጥር ሁለት አካፋይ አለው፣ አንድና ራሱን፤ አንድ ግን ያለው ራሱን ብቻ ነው። ብዙ አካፋይ ካላቸውም አይመደብም። ከሁለቱም ወገን አይደለም አልኳት። እሷም አሰበችና ‹እንግዲያው ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር?› አለች።»

የመድኃኒቱን ፓኬት ይዤ ቆሜ ነበር። እሱ ሳልጠይቀው ቀጠለ።

«ነይ አልኳት። በዚያኑ ምሽት ለአንድ ልጅ ተብሎ መምህር አይቀመጥም፣ ወደ ማሻ ተዛውረሃል አሉኝ። አንድ ቀን አድሬ ልነግራት እችል ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር ወለላ፤ ክፉኛ ደክሞኝ ነበር። ጠዋት መኪና ተገኘ ሲሉኝ ተሳፈርኩ።»

«እሷስ?»

«መጣች አለኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ማሻ ድረስ ለጉዳይ መጥቶ ሲያገኘኝ። በሩን ከፍቼላት ገብታ ተቀመጠች አለኝ።» ፓኬቱን ከእጄ ወሰደና ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ለስንት ቀን እንደተመላለሰች ግን ልጠይቀው አልደፈርኩም።»